ከመጋረጃው ወዲያ የመጣ መልስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ሴቶች በሬን ማንኳኳት አልተዉም። ሆሳዕና ከተማዋ ብትሰፋም ወሬዋ አሁንም የመንደር ነው፤ «አዋላጇ ሲስተር ታደለች ቤቷ ናት» ከተባለ የወር አበባዋ የቀረባት ሁሉ ትመጣለች። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «በምጥ ልውለድ ወይስ በኦፕሬሽን?» አንዳንዷ ማቅለሽለሹ ሳይለቃት፣ ጽንሱ ገና ባቄላ እንኳ ሳያህል ይህን ትጠይቃለች። እኔም እንደ ድሮዬ ቶሎ አልመልስም። «ነገ ብቻሽን ነይ» እላታለሁ። ባሏን ይዛ ከመጣች ባሏን፣ እናቷን ይዛ ከመጣች እናቷን ደጅ አስቀራለሁ። ይቀየሙኛል። በቀደም አንዲት እናት «እኔ የወለድኳት ልጅ ከእኔ ምን ልትደብቅ ነው?» ብላ ልጇን እየጎተተች ሄደች። ትቀየም። ለእያንዳንዱ ሰው ማስረዳት ስለሰለቸኝ ምክንያቱን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሥራ የጀመርኩት ከምባታ ውስጥ፣ ሀደሮ ነው። ሀዲይኛ እንጂ ከምባትኛ አልችልም ነበር፤ ከወላዶቹ ጋር የምንግባባው በአማርኛ ነው፣ የእነሱም የእኔም በየፊናው የተሰባበረ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከወር ሪፖርት በቀር የሚያሳስባቸው ነገር አልነበረም። ደሞዝ አነስተኛ ነበር፤ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሲስተር አማረች ናት። ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ወረቀት እሷ ፊት ብዙም አልረዳኝም። አጠር ደልደል ያለች፣ በማንም ላይ ድምጿን ከፍ የማታደርግ የዱራሜ ሴት ነበረች። ሆድ ከመንካቷ በፊት ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ አስገብታ ታሞቃለች። «በቀዝቃዛ እጅ የተነካ ሆድ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ሆድ ምንም አይነግርሽም» ትል ነበር። ጽንሱ ወዴት እንደተኛ በእጇ ስትፈልግ ዓይኗ ሴትየዋ ፊት ላይ ነው፤ ሕመም ከአፍ በፊት ፊት ላይ ይታያል። የእንጨት ማዳመጫውን ሆድ ላይ ተክላ ጆሮዋን ካስደገፈች በኋላ እጇን ፈጽሞ ታነሳለች፤ በእጅ የተያዘ ማዳመጫ የራስን የደም ሥር ነው የሚያሰማው። ደግሞም አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ግማሽ ቆጥሬ በሁለት ሳባዛ ያገኘችኝ ቀን እጄን በማዳመጫው መታችኝ። ጥፋቴን አውቄ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የውሃ ነገሯ ነበር። እርጉዟ ከአማቷ ጋር ከመጣች ሲስተር አማረች ባዶ ጄሪካን ታነሳና «እማማ፣ ውሃ አልቆብኝ ነው፣ እባክዎ ከምንጩ ቢያመጡልኝ» ትላለች። በርሜሉ ሞልቶ እየፈሰሰም እንዲሁ ነው፣ ዝናብ እየዘነበም እንዲሁ። ሀደሮ ላይ «ያቺ ሲስተር ውሃ አትጠግብም» እየተባለች ትታማ ነበር። እኔም ስስቅባት «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብላ ታልፈኛለች። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በእኛ አገር፣ በሀዲያውም በከምባታውም፣ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ድሮማ ከስሙ ጋር የሚመሳሰለውን ቃል ሁሉ ትሸሽ ነበር። አንዲት ሙሽራ ምጥ ላይ ሆና ውሃ ሲጠማት፣ ቃሉ ከአማቷ ስም ጋር ስለተነካካባት «ያንን የሚጠጣውን» እያለች ስትለምነኝ ቶሎ አልገባኝም። ዛሬ ትምህርቱም ጊዜውም ይህን አላልቶታል፣ ሥሩ ግን አልተነቀለም። አማት ከተናገረች ምራት አትጨምርም፣ አትቀንስም።

የጄሪካኑ ነገር የገባኝ የመሰለኝ አንድ ቀን ነው። አንዲት አማት «የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው» ብላ ምራቷን አመጣች። ልጅቷም አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። አማትየዋ ወደ ምንጩ እንደወረዱ ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ከጋብቻዋ በፊት እናቷ ቤት ወልዳ ነበር፤ ልጁ ሞቷል፣ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደሟ ሊያልቅ ነበር። ሲስተር አማረች ምንም አልጻፈችም። መውለጃዋ ሲደርስ ግን ግሉኮሱንም መድኃኒቱንም አዘጋጅታ ጠበቀቻት፤ ደሙ እንደተፈራው መጣ፣ እኛም ዝግጁ ነበርን። ያቺ ሴት ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። አማትየዋም በኩሯ እኛ ያዋለድነው ልጅ እንደሆነ እያመኑ አረፉ።

ከሀደሮ ጊምቢቹ ተዛወርኩ። እዚያ ብቻዬን ነበርኩ፤ በክረምት መኪና ስለማይገባ ሰው ወላድ በቃሬዛ ተሸክሞ ይመጣል፣ የመጣውን ሁሉ መቀበል የእኔ ፋንታ ነው። ያንን ሁሉ ዓመት እኔም ጄሪካን ይዤ አማቶችን ወደ ምንጭ ላክሁ። ከጊምቢቹ ዱራሜ፣ ከዱራሜ በመጨረሻ ሆሳዕና መጣሁ፤ ከተማው ዳር ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል ሰጡኝ። ክፍሉ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ቧንቧ የገባለት ነው። ቧንቧ ባለበት ክፍል ውሃ አልቆብኛል ቢሉት ማን ያምናል? ጄሪካኑን ተውኩት። በእሱ ፈንታ ሌላ ዘዴ መፍጠር ነበረብኝ፣ አልፈጠርኩም።

ሆሳዕና ላይ ደግሞ ሌላ ጸባይ አወጣሁ። ዘመኑ ተቀይሮ ነበር። ገንዘብ ያላት ሴት ገና በሦስተኛ ወሯ የምትቀደድበትን ቀን እንደ ሠርግ ትቆርጣለች፣ የሚቀድዳትም አይጠፋም። ይህ ያናድደኝ ነበር። በቃሬዛ መጥተው በምጥ የወለዱትን የጊምቢቹ ሴቶች አስባለሁና እነዚህን የቅንጦት እርጉዞች ስገሥጻቸው እውላለሁ። ኦፕሬሽን ስንቱን ነፍስ እንዳተረፈ ዓይኔ እያየ፣ አፌ ግን ሌላ ይሰብካል። «በተፈጥሮ መውለድ» የሚል ሰው ሲመጣልኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መሠረትን ያገኘኋት በዚህ ጸባዬ ላይ ሆኜ ነው።

መሠረት ከደቡብ አፍሪካ የመጣች የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ናት። ባሏ ኤርሚያስ እዚያ ሱቅ አለው። ካረገዘች በኋላ «እዚህ ዘረፋው በዛ፣ እናቴ ጋ ሄደሽ ውለጂ» ብሎ ላካት። ይዘዋት የመጡት አማቷ እትዬ አስቴር ናቸው። ከእሳቸው ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፤ የሴቶች የጸሎት ቡድናችን መሪ ነበሩ። ባለቤቴ የታመመ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ቤቴ እየተመላለሱ ጸልየዋል። ስምንት ልጅ ወልደው ሁሉንም ያሳደጉ፣ ክብራቸውን የሚያውቁ ሴት ናቸው።

የመሠረት እርግዝና ሁለት ወር ተኩል ቢሆን ነው። እትዬ አስቴር ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ። ገና ስሟን ሳልጽፍ ጠየቀችኝ።

«ሲስተር፣ በምጥ መውለድ ለሁሉም ሴት ይሆናል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ወሬዬን ለቀቅሁት። የሴት ልጅ አካል እንዴት እንደሚከፈት፣ ምጥ ጠላት እንዳልሆነ፣ የተቀደደ ሆድ በሚቀጥለው እርግዝና ምን እንደሚያስከትል፣ ሁሉንም አወራሁላት። ከመጋረጃው ወዲያ እትዬ አስቴር «እውነት ነው፣ እኔ ስምንቱንም ቤቴ ነው የወለድኩት» እያሉ ያጅቡኛል። ልጅቷ ወለሉን እያየች ታዳምጣለች። ስጨርስ «ለሁሉም ግን?» አለችኝ። «ለጤነኛ ሴት ሁሉ» አልኳትና አስተኛኋት።

ልብሷን ስገልጥ ከእምብርቷ በታች ቁልቁል የወረደ ጠባሳ አየሁ። የጣት ርዝመት ያለው፣ በደንብ የተሰፋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

መሠረት ወደ መጋረጃው ተመለከተች። አፏን ከፈተች።

«ትርፍ አንጀቷ ነው» አሉ እትዬ አስቴር ከወዲያ። «እዚያው ሳለች ፈንድቶባት ቀደዷት። ጌታ አተረፋት።»

እጄ ጠባሳው ላይ እንዳለ ቆመ። የትርፍ አንጀት ጠባሳ ቦታው በቀኝ በኩል፣ ገደድ ብሎ ነው። ፈንድቶ ሆድ ውስጥ ከተበተነ ግን መሐሉን ቁልቁል ይቀድዳሉ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ መልሱ ሊሆን የሚችል መልስ ነበር። «እንደዚያ ነው?» አልኳት። መሠረት ዓይኗን ከመጋረጃው ሳትነቅል አንገቷን ነቀነቀች።

እትዬ አስቴርን ካርድ ክፍል ልላካቸው እችል ነበር። «አንድ ጊዜ ውጪ ይጠብቁኝ» ማለትም ይቻላል፤ አራት ቃል ነው። አፈርኳቸው። ለባሌ የጸለየችን ሴት እንደ ባዕድ ከበር ማስወጣት ነውር መሰለኝ። ደጅም ወረፋው ረዝሟል። ደግሞ ልደብቀው አልችልም፣ በምጥ መውለድ የምትፈልግ ሀብታም ልጅ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ እንዲበላሽ አልፈለግሁም። ካርዷ ላይ «ትርፍ አንጀት» ብዬ ጻፍኩ።

ክትትሏን አንድም ቀን አላጓደለችም። በመጣች ቁጥር እትዬ አስቴር አብረዋት ናቸው፣ በመጣች ቁጥርም ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል ታመጣዋለች። በሰባተኛ ወሯ «ሲስተር፣ ኦፕሬሽን ቢሻለኝስ?» አለችኝ። ሳቅሁባት። «አንቺም እንደነዚያ ፈሪ ሆንሽ እንዴ? ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ ልቡ እንደ ሰዓት፣ ምን አድርጊ ትይኛለሽ?» እትዬ አስቴርም ሳቁ። እሷም እኛን አይታ ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታዋን ሳስብ ዛሬም ራሴን እጠላዋለሁ።

ምጧ የመጣው በገበያ ቀን ጠዋት ነው። በእግሯ ገባች፤ ስመረምራት የማህፀኗ በር ስድስት ሴንቲ ተከፍቷል። ሁሉም ነገር እንደ መጽሐፉ ነበር። የእንሽርት ውሃው ንጹሕ፣ የልጁ ልብ ብርቱ፣ ምጡ በደንብ የሚገፋ። በየግማሽ ሰዓቱ እያዳመጥኩ ምልክቴን ወረቀቱ ላይ አሰፍራለሁ። እኩለ ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ጮኸች። የምጥ ጩኸት አውቃለሁ፣ ሲጀምርም ሲያልቅም ልክ አለው። ይሄ እንደዚያ አልነበረም። ከዚያ ዝም አለችና በቀስታ «ተወኝ፣ ቀለለኝ» አለች።

«ተመስገን!» አሉ እትዬ አስቴር።

ምጥ መሐል ላይ በድንገት አይቀልም። ማዳመጫውን ተክዬ ጆሮዬን አስደገፍኩ። ምንም የለም። ቦታ ቀየርኩ፣ አሁንም የለም። እጄን ሆዷ ላይ ሳሳርፍ የልጁ እግር ከቆዳዋ ሥር፣ እዚያው ላይ ላዩን ተሰማኝ፤ በመካከላችን ማህፀን የሚባል ነገር አልነበረም። ግንባሯ በቀዝቃዛ ላብ ተጥለቀለቀ፣ የደም ሥሯ እየሮጠ ከጣቴ ሥር ይጠፋል። በሁለት እጇ ግሉኮስ ሰክተን በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል በረርን። መንገዱ ረጅም አልነበረም፣ ለልጁ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ወንድ ነበር። ሙሉ፣ ጸጉራም፣ ምንም ያልጎደለው። ሐኪሙ ማህፀኗን አውጥቶ ነፍሷን አተረፋት። ከቀዶ ጥገናው ክፍል ሲወጣ ካርዷን ይዞ ኮሪደሩ ላይ በእኔና በነርሶቹ ፊት ቆመ፤ እትዬ አስቴር ውጪ በር ላይ ነበሩ። «ይህች ሴት ከዚህ በፊት ከማህፀኗ ዕጢ ወጥቶላታል፤ የፈነዳው እዚያው የተሰፋበት ላይ ነው። ገና ስታረግዝ ቀኗ ተቆርጦ በኦፕሬሽን መውለድ የነበረባት ናት። ‹ትርፍ አንጀት› ብሎ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

በማግስቱ እትዬ አስቴር ከወንዶቹ ጋር ለቀብር ሲሄዱ መሠረትን ብቻዋን አገኘኋት። ከንፈሯ እንደ ወረቀት ነጥቷል። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«ልነግርሽ ነበር የመጣሁት፤ ገና የመጀመሪያ ቀን። እዚያ ያለው ሐኪም ‹ስታረግዢ ቶሎ ንገሪ፣ በምጥ አትወልጂም› ብሎኝ ነበር። ለብቻዬ እስክታገኚኝ ስጠብቅ ቀኑ ደረሰ።»

«በስልክ እንኳ፣ ልጄ?»

«ስልኬን የሚይዙት አማቴ ናቸው። አንቺ ‹አይሆንልሽም› ብትዪኝ ምንም ሳልናገር ያልቅልኝ ነበር። ለዚያ ነው ደጋግሜ የጠየቅኩሽ።» ከዚያ እጄን ጨበጠች። «እሳቸው እንዳይሰሙ። ማህፀኗ ድሮም የተነካ ነው ካሉ ይሰዱኛል።»

ማልቀስ የሚገባት እሷ ሆና ሳለ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

እትዬ አስቴር ከቀብር ሲመለሱ የሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቅኋቸው። «ምን ሆና ነው?» አሉኝ። «የእኔ ጥፋት ነው፤ መጠየቅ የሚገባኝን ሳልጠይቅ ቀረሁ» አልኳቸው። ይህም እውነት ነበር። አዩኝና አለፉኝ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰላም የሚለኝ ሰው ቀነሰ። «ያቺ ሲስተር የሰው ልጅ ጨረሰች» ይባል ነበር። መሥሪያ ቤቴ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ፣ ፈርሜ ተቀበልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን በሽታዋን ይዛ ደጄ ድረስ መጥታለች፣ የደበቅኩት እኔ ነኝ።

ሲስተር አማረችን ፍለጋ ዱራሜ ሄድኩ። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። ሁሉንም ነገርኳት። «ምነው ውሃ አላስቀዳሽም?» ብላ ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «እኔም አንዷን እንዲሁ ገድያለሁ። እሷስ አልተረፈችም። ጄሪካን ማንሳት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው» አለችኝ።

«ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ሳትነግሪኝ?»

«መች ጠየቅሽኝ?» አለች።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከእርጉዝ በቀር ማንም ክፍሌ አልገባም፤ አማት፣ ባል፣ እናት፣ የቄስ ሚስትም ብትሆን ደጅ ትጠብቃለች። ኦፕሬሽን ለሚያስፈልጋት ኦፕሬሽን፣ ምጥ ለምትችለው ምጥ እላለሁ፤ ስብከቱን ትቻለሁ። ስለ መሠረት የምሰማው በሰው ነበር። ኤርሚያስ መደወል ቀንሶ በኋላም ተወ፤ እዚያ ሌላ ሴት አግብቷል ይላሉ። አማቷ ግን አልሰደዷትም። እቤታቸው ናት፣ እንደ ልጃቸው ይዘዋታል፣ ቤቱ ግን ድምፅ የለውም ይባላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ አስቴር ቤቴ መጡ። ከዚያ ከሆስፒታሉ በር ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ሰውነታቸው አልቋል። ያቀረብኩላቸውን ሻይ ሳይነኩት ተናገሩ።

«ሲስተር፣ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ዕጢ ከማህፀኗ እንደወጣ። ኤርሚያስ ያኔውኑ በስልክ ነግሮኛል። እሷ እንደማውቅ አታውቅም። ያን ቀን ጠባሳውን ስትጠይቂያት ‹አሁን ልጅቷ በቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት ልታፍርብኝ ነው› አልኩና ቀድሜ መለስኩላት። ክብሯን ልሸፍንላት ብዬ ነው። ዕጢው ከወጣ ዳነች፣ አለቀ መስሎኝ። ማህፀን እንዲህ ቂም የሚይዝ መች መሰለኝ?» ሻዩን ወደ ጎን ገፉት። «ሰው ሁሉ የጌታ ፈቃድ ነው ይለኛል። አንቺ ትዋሺኛለሽ ብዬ አላስብም። ዝም ብል ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር?»

በሥራ ዘመኔ ሙሉ ሐዘንተኛ ሳጽናና ነው የኖርኩት። ለዚህ ጥያቄ ግን ማጽናኛ መስጠት አልፈለግሁም።

«ይተርፍ ነበር» አልኳቸው። «እኔም ቆይቼ ብቻዋን ብጠይቃት ይተርፍ ነበር። ገና በሁለት ወሯ ቀን ተቆርጦላት ነበር የሚያልቀው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ጉልበታቸውን አሻሹ።

«እሷስ አደጋውን ታውቅ ነበር?»

«ሐኪሟ ነግሯት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች? ለሞትም?» አሉ፣ እውነት ግራ እንደገባው ሰው ቀና ብለው እያዩኝ።

«እትዬ አስቴር፣» አልኳቸው፣ «እርስዎ ከመለሱ በኋላ እሷ ምን ብላ ትመልስ?»